የተበየደ አክስል ለተጨማሪ ጭነት ፈቃድ አይደለም

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ ስለ ምርት ዕድገት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ትስስር መናገር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ከመኪና ሥር የተደበቀ፣ ጭቃ የለበሰና ጎንበስ ብሎ የሚያየው የሌለ አንድ ብረት ነው። ይህ ብረት የአክስል ቤት ይባላል። ርዕሱ ለአንዳንዶች የጋራዥ ወሬ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን እስከ ቀበሌ የሚደርሰው፣ የእህል መግዣ ገንዘብ የሚጓጓዘው፣ አንዳንዴም በምጥ የተያዘች እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ይኸው ብረት ተሸክሟቸው ነው። ብረቱ ሲሰበር የሚቆመው መኪና ብቻ አይደለም፤ የዘር ወቅት ያልፋል፣ ሲከፋም የሰው ሕይወት ይጠፋል።

አክስል ቤትን በብየዳ ማጠናከር ይቻላል። በደንብ ከተሠራ ይጠቅማል፣ በችኮላ ከተሠራ ግን ከስንጥቁ የባሰ አደጋ ያመጣል። ስለሆነም ይህ ንግግር በያጅ ለማሰልጠን የታሰበ አይደለም። ገንዘብ የሚከፍለው የማኅበሩ ኮሚቴ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት፣ ሾፌሩ ምን ማየት እንዳለበት፣ አባሉም ለምን "ጨምረህ ጫን" ማለት እንደሌለበት ለማስረዳት ነው።

ሰኔ ላይ የሆነው

በአንድ መሠረታዊ ማኅበር የደረሰ ነገር ለሁሉም ማስተማሪያ ሊሆን ይችላል። የማኅበሩም፣ የሰዎቹም፣ የብየዳ ቤቱም ስም አይጠቀስም፤ ጉዳዩ የማንም ብቻ ሳይሆን የሁሉም ነውና።

ማኅበሩ ያለው አንድ ባለ ፎር ዊል ድራይቭ ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ነው። ወሩ ሰኔ፣ ዝናቡ የገባበትና ገበሬው ማሳውን አለስልሶ ማዳበሪያ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። መኪናው በእያንዳንዱ ጉዞ 24 ጆንያ ማዳበሪያ ይጭናል። አንዱ ጆንያ 50 ኪሎ ግራም ስለሆነ ይህ 12 ኩንታል ማለት ነው። ከጆንያው በላይ ደግሞ ከገበያ የሚመለሱ ስድስት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ሰው 60 ኪሎ ግራም ቢባል ጠቅላላው 1,560 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን የደመረ ሰው ግን አልነበረም። ሒሳቡ "ትናንት ችሎታል፣ ዛሬም ይችላል" የሚል ነበር።

አንድ ቀን ሾፌሩ መኪናው አድሮበት ከነበረው መሬት ላይ የዘይት ጠብታ አየ። ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ከኋላው አክስል ቤት ግርጌ፣ በግራው ባሌስትራ መቀመጫ አጠገብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘ። ወዲያው ለሊቀመንበሩ ነገራቸው። እሳቸውም መኪናው በከተማው መንገድ ዳር ወደሚገኝ ብየዳ ቤት እንዲወሰድ አደረጉ። ወጣቱ በያጅ በርና መስኮት በመሥራት የታወቀ ጎበዝ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ይበቃኛል፤ ማታ ይዘውት ይገባሉ" አላቸው። እንዳለውም አደረገ። አክስሉ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ዘይቱም ሳይቀዳ፣ በስንጥቁ ላይ ወፍራም ብየዳ ደረበበት። በዚያም ላይ ቁራጭ ላሜራ ለጠፈ። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ውሃ አፈሰሰበት። በማግሥቱ መኪናው 24ቱን ጆንያ ጭኖ ወጣ።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ቁልቁለት በመውረድ ላይ ሳለ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲጎትተው ሾፌሩ ተሰማው። አቁሞ ሲያይ የኋላው ግራ ጎማ አናቱ ወደ ውስጥ ጋደል ብሏል። ተሳፋሪዎቹን በሙሉ አስወረደ።

"ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳው እንጂ፤ በዚህ ዝናብ የት እንደርሳለን?" አሉት አንዲት እናት።

"እማማ፣ በእግር ብትሄዱ የሚያገኛችሁ ዝናብ ነው፤ በዚህ ብትሄዱ ገደል ነው" አላቸው።

ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ ግን ወርደው ሄዱ። በኋላ ከሥር ሲታይ ስንጥቁ ከተለጠፈው ላሜራ ጠርዝ ተነስቶ የቤቱን ዙሪያ ግማሽ ያህል አዳርሷል። ያ ሾፌር የዚያን ቀን ተሳፋሪውን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ንግግር የሐዘን ንግግር ይሆን ነበር።

ብረቱ የሚሰበረው ለምንድን ነው?

ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕን የመሰሉ የገጠር መኪኖች የኋላ ጎማዎቻቸው ግራና ቀኝ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ናቸው። የአክስሉ ቤት መካከሉ እንደ ቅል የተነፋ፣ ወደ ሁለቱ ጎማዎች ደግሞ እንደ ክንድ የተዘረጋ ውስጡ ክፍት ብረት ነው። በተነፋው ክፍል ዲፈረንሻሉ፣ በክንዶቹ ውስጥ ጎማ የሚያሽከረክሩት ዘንጎች ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው ክብደቱን የሚሸከመው ዘንጉ ይመስለዋል። በእንዲህ ዓይነቶቹ የጭነት ፒክ አፖች ላይ ግን የዘንጉ ሥራ ማሽከርከር ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቤቱ ነው።

አሸካከሙን ለመረዳት ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ጆንያ አንጠልጥለው ሲሄዱ ማሰብ ይበቃል። እንጨቱ መካከሉ ይጎብጣል። ላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ ታችኛው ፊቱ ይሳባል። ደረቅ እንጨት ከሆነ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከታች ነው። አክስል ቤትም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እንደ ሁለቱ ሰዎች ከጫፍ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ባሌስትራዎቹ እንደ ጆንያው ወደ ታች ይጫናሉ። ስለዚህ የታችኛው ፊት ይሳባል። የሾፌሩ ዓይን ያረፈበት ስንጥቅ ከግርጌ፣ ከባሌስትራው መቀመጫ ብየዳ ጠርዝ መገኘቱ በአጋጣሚ አልነበረም።

ብረት በአንድ ቀን ጭነት ብቻ አይሰበርም፤ ይደክማል። ሽቦ ደጋግመን ስናጣምመው እንደሚበጠሰው ሁሉ፣ አክስል ቤትም በእያንዳንዱ ጉድጓድ ትንሽ ይጎብጣል፣ ይመለሳል። በጠጠር መንገድ ላይ ይህ በአንድ ጉዞ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ በዚያች ቅጽበት በአክስሉ ላይ የሚያርፈው ጫና መኪናው ቆሞ ካለበት ጫና በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁሉም አባል ሊይዘው የሚገባ አንድ ስሌት አለ። ብየዳ ባለበት ብረት ላይ ጫናው በእጥፍ ሲጨምር የብረቱ ዕድሜ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። 8 ዓመት ይቆይ የነበረው 1 ዓመት ይቆያል ማለት ነው። በአክስሉ ላይ የሚያርፈው ክብደት 20 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ ከዕድሜው ከ40 በመቶ በላይ ይጠፋል። "ሁለት ጆንያ ምን ይጎዳል?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

የጭነቱ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። የዚህ ዓይነቱ ፒክ አፕ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 318 ሳንቲ ሜትር ነው። 100 ኪሎ ግራም ጭነት ከኋላው አክስል 64 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አልፎ ቢቀመጥ የኋላው አክስል የሚሸከመው 100 ሳይሆን 120 ኪሎ ግራም ይሆናል። የፊቱ አክስል ደግሞ በ20 ኪሎ ግራም ይቀልለዋል፤ መሪው ይላላል። ከባዱን ጆንያ ወደ ጋቢናው ማስጠጋት ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ አክስልን ማጠናከር ነው።

ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቼርኪ ወይም ማራቂያ ብረት መግጠምም እንዲሁ ነው። ከባሌስትራው መቀመጫ እስከ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ከ20 ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ ክብደቱ ሳይጨምር የማጉበጥ ጫናው በ25 በመቶ ይጨምራል።

የመጀመሪያው ብየዳ ለምን ከሸፈ?

አበው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። ወጣቱ በያጅ ሰነፍ አልነበረም። የጎደለው ጊዜና ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ስህተቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስንጥቁ በዘይት ተነክሮ ነበር። ዘይት ባለበት ብረት ላይ የተደረገ ብየዳ በውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ቀዳዳዎች ይኖሩታል።

ሁለተኛ፣ ስንጥቁ ከሥሩ ተቆፍሮ አልወጣም። ከላይ መሸፈን ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ መጠቅለል ነው፤ ስንጥቁ ከሥር ሆኖ ጉዞውን ይቀጥላል።

ሦስተኛ፣ የተጠቀመበት ኤሌክትሮድ ለበርና ለመስኮት የሚውለው ኢ 6013 ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚመረጠው ኢ 7018 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የብየዳውን ጥንካሬ ያመለክታሉ፤ ከዚያ በላይ ግን የኢ 7018 ሽፋን ወደ ብየዳው የሚገባውን ሃይድሮጅን አነስተኛ ያደርገዋል። ሃይድሮጅን የገባበት ብየዳ በዕለቱ ደህና መስሎ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ኤሌክትሮድ ጠቃሚ የሚሆነው ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ፓኬቱ ተከፍቶ በክረምት አየር ውስጥ የሰነበተ ኢ 7018 አምራቹ በሚያዝዘው ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ ከ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ፣ በምድጃ ካልደረቀ ጥቅሙ የለም።

አራተኛ፣ የተለጠፈው ላሜራ አጭር ነበር፤ ብየዳውም በሚሳበው የታችኛው ፊት ላይ አክስሉን በአግድም ቆርጦ አለፈ። ጠንካራው ክፍል ድንገት በሚያልቅበትና ደካማው በሚጀምርበት መስመር ላይ ጫና ይከማቻል። አዲሱ ስንጥቅ ከላሜራው ጠርዝ የተነሳው ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ውሃ ፈሰሰበት። የጋለ ብየዳ በውሃ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ተሰባሪ ይሆናል። በራሱ ጊዜ መብረድ ነበረበት።

ስድስተኛና ዋነኛው፣ ስንጥቁን ያመጣው ምክንያት አልተነካም። ጭነቱ ያው 12 ኩንታል፣ ሰዎቹም ያው ስድስት ነበሩ።

ሁለተኛው በያጅ

ኮሚቴው በሁለተኛው ጊዜ መኪናውን በከባድ መኪና ጥገና ብዙ ዘመን ወደሠሩ አንድ አዛውንት በያጅ ላከ። አዛውንቱ ተኝተው ከሥር አዩና ተነሱ።

"ይሄ አይበየድም" አሉ።

"ጋሼ፣ ሰኔ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ እየጠበቀ ነው" አሏቸው ሊቀመንበሩ።

"ገብቶኛል፣ ሊቀመንበር። የተሰነጠቀ ብቻ ቢሆን እበይደው ነበር። ይሄ ግን ጎብጧል። ጎባጣውን ብበይደው ጎባጣ ሆኖ ነው የሚጠነክረው። ደህና ቤት ፈልጉና አምጡ፣ እሱን ሳይገጠም እናጠናክረዋለን።"

በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሳ። ገንዘብ ያዥዋ የወጪውን ዝርዝር ይዘው ተቃወሙ፤ ለመጀመሪያው ብየዳ የተከፈለው ባክኗል፣ አሁን ደግሞ ያገለገለ አክስል ቤት መግዣ፣ የብየዳ ዋጋ፣ የኪራይ መኪና ክፍያ ሊወጣ ነው። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። ቢሆንም ሌላ መንገድ አልነበረም። ያገለገለ ደህና ቤት ተፈልጎ ተገኘ።

አዛውንቱ የሠሩት ሥራ በቅደም ተከተል ሲታይ ለማንኛውም ማኅበር መመሪያ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የመጣው ቤት ቀጥ ያለ መሆኑ በሲባጎና በማስመሪያ ብረት ተለካ። ዲፈረንሻሉ፣ ዘንጎቹ፣ ኩሽኔታዎቹና የዘይት ማገጃ ጎሚኒዎቹ ሳይገጠሙ ባዶውን ታጠበ። ማጠቢያው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተጠበቀ። እዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጠቢያ በፈሰሰበት ብረት ላይ ብየዳ ሲነሳ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጠራል። ዚንክ የተቀባ ላሜራም ሲበየድ ጢሱ መርዝ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ቀጥሎ ስንጥቅ ፍለጋ ተካሄደ። ዘዴው ቀላል ነው። ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ነጭ ጋዝ ይቀባል፣ ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ በደንብ ይጠረጋል፣ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የገባው ነጭ ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን እርጥብ መስመር ይሠራል። ይህን ማንኛውም ሾፌር በወር አንድ ጊዜ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚያ ማጠናከሪያው ላሜራ ተዘጋጀ። አዛውንቱ ላሜራውን በቤቱ ላይ አላስተኙትም፤ በላይኛው ፊት በኩል፣ የቤቱን ቅርጽ ተከትሎ በተቆረጠው ጠርዙ አቆሙት። ምክንያቱን ቤት የሠራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጣውላ ተኝቶ ይጎብጣል፣ በጠርዙ ሲቆም ግን ይሸከማል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ቆሞ ሲሸከም፣ ተኝቶ ከሚሸከመው 10 እጥፍ ይችላል። ላሜራው ከአንዱ ባሌስትራ መቀመጫ እስከ ሌላው ሳይቋረጥ ሄደ። ጫፎቹም ድንገት አልተቆረጡም፤ ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ጎማው በኩል እየሳሱ አለቁ። በሚሳበው የታችኛው ፊት ላይ አንድም የአግድም ብየዳ አልተደረገም።

ብየዳው ሲጀመር ቤቱ በወፍራም ቀጥ ያለ የብረት ተሸካሚ ላይ ታስሮ ነበር። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና አክስሉን ይስባል። ላይኛው ፊት በአንድ ጊዜ ቢበየድ የአክስሉ ሁለት ጫፎች ወደ ላይ ይነሳሉ፤ ያኔ ጎማው ይጋደላል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ጎሚኒው ዘይት ያፈሳል፣ ዘይቱም ወደ ፍሬኑ ይገባል። ይህ እንዳይሆን አዛውንቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አጭር ብየዳ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ ከዚያ በመካከል እያፈራረቁ ሠሩ። በየመካከሉ አቁመው በሲባጎ ለኩ። የሚጠባበቁት ሰዎች "ለምን አይጨርሱትም?" ሲሉ "ብረቱ ነው ያላለቀው እንጂ እኔ አልደከመኝም" ነበር መልሳቸው። ሥራው አራት ቀን ፈጀ።

ስንጥቁ በመጀመሪያው ቀን፣ ቤቱ ሳይጎብጥ፣ በእሳቸው እጅ ወድቆ ቢሆን ኖሮ የሚያደርጉትንም አስረዱ። ዘይቱ ይቀዳል፣ ውስጡ ይራቆታል፣ ብረቱ ለስለስ ባለ ሙቀት ዘይቱን እስኪተፋ ይሞቃል። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች፣ ዓይን ከሚያየው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ስንጥቁን የሚያቆም ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳል። ስንጥቁ በግራይንደር እንደ ቦይ እስከ ሥሩ ይቆፈራል፣ በደረቅ ኢ 7018 ይሞላል፣ በመጨረሻም ከቤቱ ፊት ጋር እኩል እስኪሆን ይሞረዳል። ማጠናከሪያ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ብየዳው አክስሉ ከመኪናው ሳይወርድ መሠራቱ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የባትሪው ሁለት ገመዶች ይፈታሉ፤ የብየዳው መመለሻ ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል። ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፍና ያበላሸዋል። የነዳጁ ሰልባትዮና የፍሬን ቱቦዎች ይከለላሉ፤ እሳት ማጥፊያ ከአጠገብ አይጠፋም።

የአክስል ቤት ሁሉ አንድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በአንዳንድ መኪኖች መካከለኛው ክፍል ከተጣለ ብረት የተሠራ ስለሆነ የተለየ ኤሌክትሮድና ቅድመ ማሞቂያ ይጠይቃል። በያጁ "ይህ ከምን ብረት የተሠራ ነው?" ሳይል ከጀመረ ማስቆም ይገባል። ጎማ የሚያሽከረክረው ዘንግ፣ የባሌስትራ ቅጠል፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቅንፍ ብሎኖች ደግሞ ፈጽሞ አይበየዱም። ሲሰበሩ ይለወጣሉ።

ከብየዳው በኋላ የመጣው ፈተና

መኪናው ተገጥሞ ሲወጣ ከማኅበሩ ግቢ ደስታ ሆነ። በዚያው ቀን ግን አዲስ ሐሳብ መጣ። ገንዘብ ያዥዋ የባከነውን ወጪና የጠፋውን ጊዜ አስልተው ነበር።

"ተጠናክሯል ከተባለ 15 ኩንታል ቢጭን ምን አለበት? የወጣውን ገንዘብ እንመልስበት" አሉ።

ጥያቄው የክፋት አልነበረም፤ የማኅበሩን ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄ ነው። ብዙዎችም ተስማሙ። ሾፌሩ ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"እትዬ፣ የተጠናከረው አክስል ቤቱ ነው። ፍሬኑ አልተጠናከረም፣ ጎማው አልተጠናከረም፣ ባሌስትራው አልተጠናከረም፣ ሻንሲው አልተጠናከረም። 15 ኩንታል የሚጫን ከሆነ ሌላ ሾፌር ይፈለግ።"

ቤቱ ዝም አለ። አክስል ቤቱ ባይሰበር ጫናው ቀጥሎ ወዳለው ደካማ ነገር ይሄዳል፤ ያ ደካማ ነገር ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ሊቀመንበሩ መኪናው ተወስዶ በመኪና ሚዛን ባዶውን እንዲመዘን አዘዙ። በአምራቹ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት የባዶው መኪና፣ የሾፌሩና የረዳቱ ክብደት ተቀነሰ። ከቀረው ላይ ለመንገዱ መጥፎነት መጠባበቂያ ተያዘና ለማኅበሩ መኪና 9 ኩንታል ተወሰነ። በጭነት ላይ ሰው እንዳይቀመጥም ተወሰነ።

ገንዘብ ያዥዋ ራሳቸው ሒሳቡን እንደገና ሠሩት። 36 ኩንታል ማዳበሪያ በ12 ኩንታል ሦስት ምልልስ ይፈልጋል፣ በ9 ኩንታል ደግሞ አራት። ልዩነቱ አንድ ምልልስ ነው። የአንድ ምልልስ ናፍጣ በአንድ በኩል፣ የአክስል ቤት ግዢ፣ የብየዳ ዋጋ፣ የኪራይ መኪናና የዘገየ ማሳ በሌላ በኩል ተቀመጡ። "ለካ ርካሽ የመሰለን ነው ውድ የሆነብን" አሉ። "9 ኩንታል" የሚለውን ጽሑፍ በመኪናው በር ላይ በቀለም ያስጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ከማኅበራትና ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

"ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" እንዲሉ የጋራ ንብረት የሚበላሸው ባለቤት በማጣት ነው። የማኅበር መኪና የሁሉም ነው ሲባል የማንም እንዳይሆን የሚከተሉት ነጥቦች በእያንዳንዱ ማኅበር ሊተገበሩ ይገባል።

የመጀመሪያው፣ የጭነቱ ልክ በሚዛን ተረጋግጦ በመኪናው በር ላይ ይጻፍ። ልኩን ማለፍ የሚፈቅድ ሰው አይኑር፤ ሊቀመንበሩም ቢሆን።

ሁለተኛው፣ ሾፌሩ በየሳምንቱ ከሥር ይመልከት። የዘይት እርጥበት፣ የዝገት መስመር፣ የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል፣ የላላ ዳዶ፣ የተደፈነ የአክስል መተንፈሻ ካለ በመዝገብ ያስፍር። የባሌስትራ ቅንፍ ብሎኖች ተፈትተው ከታሰሩ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ እንደገና ይጥበቁ፤ የላላ ቅንፍ አክስሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ስንጥቅንም ይወልዳል።

ሦስተኛው፣ ሾፌር "አልነዳም" ሲል ኮሚቴው ምክንያቱን ይስማ። ያ ሰው የመጀመሪያው የደህንነት መሣሪያ ነው። በእምቢታው ምክንያት ደመወዙ ወይም ክብሩ ሊነካ አይገባም።

አራተኛው፣ በዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ ለጥገና የተለየ በጀት ይያዝ። ጥገናም ከሰኔ በፊት፣ በበጋ ይሠራ። የችኮላ ብየዳ ሁልጊዜ የሚመጣው መኪናው በጣም በሚፈለግበት ወር ነው።

አምስተኛው ለኃላፊዎች የቀረበ ነው። በየአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት የብየዳ ክፍል አላቸው። ዩኒየኑና ተቋማቱ ቢስማሙ፣ የማኅበራት መኪኖች በዓመት አንድ ጊዜ በመምህራንና በተማሪዎች ሊመረመሩ፣ ለመንገድ ዳር በያጆችም አጭር ሥልጠና ሊሰጥ ይችላል። ያ ወጣት በያጅ ጎበዝ እጅ አለው። የኤሌክትሮድ ምርጫና የመለካት ልምድ ቢጨመርለት ነገ የብዙ ሰው ሕይወት የሚጠብቅ ባለሙያ ይሆናል።

የተከበራችሁ አባላትና እንግዶች፣

ብየዳ የተለያየውን ያያይዛል፤ የሰውን ስስት ግን አይሸከምም። ያ መኪና ዛሬም 9 ኩንታሉን ጭኖ ይመላለሳል። ሾፌሩ በወር አንድ ጊዜ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ይዞ ከሥሩ ይገባል። በዝናብ ወርደው በእግራቸው የሄዱት እናትም ሾፌሩን ባገኙት ቁጥር ይመርቁታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ከበዓሉ መልስ እያንዳንዱ ተወካይ የማኅበሩን መኪና ጎንበስ ብሎ ከሥር ይመልከት።

መልካም የምሥረታ በዓል!